የተማም ጓጉንቸር

ጂን ነው፣ ድግምት ነው የሚል አስተያየት ከሥር እንዳትጽፉልኝ። እንደዚያ የሚሉ ሰዎችን ሰምቼ ጠግቤያለሁ። እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

ባለፈው ሐምሌ። ማክሰኞ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። በሐምሌ የጆሃንስበርግ ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

ከከተማው በስተደቡብ አንድ ሰዓት ተነድቶ የሚደረስ ግድብ አለ። ስሙን አልጠራም፤ እስካሁን እዚያው ነው የምሠራው። ግድቡ ጎን ሁለት በር ያለው ጥልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ጀልባ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይቀንሳል፣ ጀልባው ወደ ታችኛው ወንዝ ይወጣል። በዓመት አንዴ ገንዳውን አድርቀን በሮቹን እንጠግናለን።

የጥገና ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር... አብረውኝ የሚሠሩትን ሁሉ እንቃቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁን እንቀው ነበር። ነጭ ሄልሜቱን ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

ሲላስን እንቀው ነበር። ሃያ ዓመት የሠራ የቡድን አለቃ ነው። ወደ ገንዳው ከመውረዱ በፊት ኮፍያውን አውልቆ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና» ይላል፤ ሰላምታ ነው። ለማን መሰላችሁ? ለውሃው።

ከሁሉም በላይ ግን ተማምን። በያጅ ነው። ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር የነበረው ስፓዛ፣ ትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ ሁለቴ ሲዘረፍ ነው ወደ እኛ የመጣው። እኔ እዚሁ ከተማ ፎርድስበርግ ያደግኩ፣ እዚሁ የተማርኩ ነኝ። እሱ ደግሞ ከገንዳው ማዶ «ኢንጂነር» እያለ በአማርኛ ይጮህልኛል። ሌሎቹ ይስቃሉ። የአንድ አገር ሰዎች መሆናችንን ያላወቀ እንዳይኖር የፈለገ ይመስል።

ሥራው አንድ ደንብ አለው።

ገንዳው ውስጥ የሚወርድ ሁሉ፣ ውሃ የሚያስገባው የብረት መሪ ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል። ስሙ ተጽፎበታል። ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ይወርዳል። ሲወጣ ራሱ ይፈታዋል። አንድ ጓጉንቸር ከቀረ ውሃ አይገባም።

ባለቤቱ ሳይፈታ ከሄደ ይደወልለታል። በገዛ ድምፁ «ወጥቻለሁ» ማለት አለበት። ያኔ ይቆረጣል።

የዚያን ቀን ጠዋት ተማም ፈቃድ ጠየቀኝ። የአራት ዓመት ልጁ ትኩሳት ይዞት አድሯል። ትኩሳት የማይዘው ልጅ አይቼ አላውቅም አልኩት።

ጓጉንቸሩን ቆለፈና ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመሰላሉ መውጣት ጀመሩ። አምስት ነበር የወረዱት።

አራት ወጡ። አራቱም ጓጉንቸራቸውን ፈቱ።

አንድ ቀረ... የተማም።

ከወጡት ሁለቱ ወጣቶች ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ታክሲ ተራው ሲሄድ አየነው አሉ። ሲላስ እኔ አላየሁም አለ። ኮብልሏል፣ ጓጉንቸሩን እንኳ ሳይፈታ፣ ብዬ አሰብኩ። ከሱ የምጠብቀው ይኼንኑ ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገንዳው ባዶ ነው። ከላይ ሆኖ የማይታየው ከግድግዳው ሥር ያለው የውሃ ማስገቢያ ዋሻ ብቻ ነው።

ከዚያ ውስጥ...

ኳ። ኳ። ኳ።

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮሃል» አልኩ።

ሲላስ ወርጄ ዋሻውን ልየው፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ስጪኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። እኔ ሲላስን ከእግሩ እስከ ራሱ አየሁት። ስልክ እያለ ሽማግሌ መሰላል አይወርድም አልኩና ደወልኩ።

ሦስቴ ጠራ። ተነሳ።

«ተማም፣ የት ነህ?»



«ቤት ነኝ፣ እህቴ።»

በሹክሹክታ ነው። እህቴ ብሎኝ አያውቅም። ከጀርባው ጠብ... ጠብ... የሚል ነገር ይሰማል።

«ምን ያንሾካሹክሃል?»

«ልጁ ተኝቷል።»

«ከገንዳው ወጥተሃል?»

«ክፈቺ።»

«ወጥተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ረጅም ትንፋሽ...

«ወጥቻለሁ። ክፈቺ።»

ድምፁ የተማም ነው። ደንቡ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

ጓጉንቸሩን ራሴ ቆረጥኩት። ሲላስ መሪውን አልነካም ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ራሴ አዞርኩት። ውሃው በዋሻው በኩል እየገፋ ገባ። ኳኳታው ወዲያው ቆመ።

«አያችሁ?» አልኳቸው።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ገንዳው ግማሽ ደረሰ። ያኔ ከመንገዱ በኩል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ።

ተማም ነበር።

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዞ ያሳየኛል። ታክሲው አልሞላ ብሎ ሁለት ሰዓት ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሊሄድ ሲል ጓጉንቸሩ ትዝ አለው። ሰዎቹ በእኔ ምክንያት አይቆሙም ብሎ ወርዶ ተመለሰ።

የተቆረጠውን ጓጉንቸር አየ። ውሃውን አየ።

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

«አንተ ነሃ። አሁን ደውዬልህ።»

«በምን ስልክ?»

«በስልክህ።»

ወደ ውሃው ጠቆመ።

«ስልኬ ታች ነው። ዋሻው ውስጥ ረስቼው ነው የወጣሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም።

ሲላስ ክንዴን ያዘኝና መሰላሉን አሳየኝ። ሠራተኞቹ ከወጡ ብዙ ቆይቷል፣ ብረቱ ደርቆ ነበር። አሁን ከውሃው በላይ ያሉት እርከኖች ሁሉ ረጥበዋል... አንድ በአንድ... እኛ እስከቆምንበት ድረስ።

ተማም ስልኬን ጠየቀኝ። ቤት ልደውል አለ። የሚስቱን የሙርሺዳን ቁጥር በቃሉ ነገረኝ፤ እኔ ደወልኩ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

ከተማም ጋር የምሠራ ሱሀይላ ነኝ፣ ልጁ እንዴት ነው አልኳት።

እሷም በሹክሹክታ ነው የመለሰችው።

«ደህና ነው፣ አሁን ገና ተኛልኝ። ተማምን ፈልገሽ ነው? አሁን ገባ እኮ። ልጁን አቅፎት ተቀምጧል።»

ተማም አጠገቤ ነው። ደረቅ ነው። ጫማው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። 

«ግን... ምን ሆኖ ነው?» አለች ሙርሺዳ። «ልብሱ ርሶ ፍራሹን አበሰበሰው። አውልቅ ብለው አይመልስልኝም። ልጁን አምጣው ብለውም... አይለቀውም።»