መርፌ የማይወድ ቁስል

«መርፌው ነው የጨረሳት!» አሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ። «አባ ሰንጋ የሚሉት እብጠት መርፌ አይወድም ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ! ወጓት፤ ወዲያው ቀዘቀዘች።»

ለቅሶ ቤቱ በአንድ አፍ «እውነት ነው» አለ። የሟቿ እናት እትዬ ዘሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የእስከዳርን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። እስከዳር የልጃቸው የሥራነሽ ጓደኛ ናት፤ ቁይ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው አሥረኛ ክፍል ይማሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ወደ መንደራቸው ይመጡና ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሥራነሽ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እስከዳርም እነዚህን ቀናት ከማልቀስ በቀር አፏን አልከፈተችም።

«ከእንግዲህ መርፌ የሚባል ነገር ልጆቼን አይነካም» አሉ እትዬ ዘሪቱ። «መሲ ብትታመምብኝ እዚሁ እጄ ላይ ትሙት እንጂ ጤና ጣቢያ አልወስዳትም።» የሥራነሽ ታናሽ እህት፣ የአምስት ዓመቷ መሲ፣ ከሴቶቹ ኋላ ጋቢ ላይ ተኝታለች።

እስከዳር ግን እውነቱን ታውቃለች። አባ ሰንጋ አልነበረማ! ሥራነሽ የማገዶ እንጨት ስትፈልጥ ስንጥር ባቷን ወጋት። ነቅላ ጣለችውና ረሳችው። ረቡዕ ቀትር ላይ ግን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይገጭ ጀመር። ባቷ ቀልቶ አብጧል፤ ቅላቱም ሽቅብ ወደ ጉልበቷ እየወጣ ነበር።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች እስከዳር።

«አቦ አትጨቅጭቂኝ! ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እነ አባዬ ከሰሙ መጥተው ይወስዱኛል፤ አንዴ ከወሰዱኝ ደግሞ ትምህርቱ ቀረ በይው። ደግሞስ እብጠት መርፌ አይወድም ሲባል አልሰማሽም?» ከዚያም ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ለማንም ብትናገሪ በማርያም ገዝቼሻለሁ» አለቻት።

በዚያ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ሽማግሌ የተጣላውን ሰው የሚያስታርቀው፣ ቄስ ወሰን የሚገፋውን የሚያስቆመው በግዝት ነው። እስከዳር ደግሞ የቄስ ልጅ ናት። አፏ ተሳሰረ።

ሐሙስ ሥራነሽ እንደተኛች፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልክ ነበር። አንድ ጆግ ውሃ ጨርሳ ቀኑን ሙሉ ለሽንት አልተነሳችም። የባዮሎጂው መምህር ወልደ ሚካኤል ይህንኑ አስጽፈዋቸዋል። ቁስል ያለበት ሰው ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ሕመሙ ወደ ደም ዘልቋል፤ ያን ጊዜ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም ብለዋል። ጥያቄው ፈተና ላይ መጥቶላት እስከዳር አምስት ከአምስት አግኝታበታለች። ታዲያ አላወቀችም ማለት ውሸት ነው። አውቃለች፤ ግን ፈራች።

ዓርብ ጠዋት ሥራነሽ እስከዳርን «እማዬ» ብላ ጠራቻት። «በሬዎቹ ማሽላው ውስጥ ገቡ፤ መልሻቸው» አለች። ያኔ ነው እስከዳር ጮኻ ጎረቤት የጠራችው። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ እግሯን ገልጣ እንዳየች ፊቷ ተለዋወጠ።

«መቼ ጀመራት?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች እስከዳር። እንዴት ከአፏ እንዳመለጣት እሷም አታውቅም።

ነርሷ መድኃኒቱን በመርፌ ሰጠቻት። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስዳት መኪና ሲጠበቅ፣ ሥራነሽ እዚያው ቃሬዛዋ ላይ አረፈች። ሰው ሁሉ ያየው መርፌውን ነው። ረቡዕንና ሐሙስን ያየችው እስከዳር ብቻ ናት።

አሁን ብትናገር ምን ታተርፋለች? ሥራነሽ አትነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እማሆይ ይረግሟታል፣ አባቷ ያፍሩባታል፣ እትዬ ዘሪቱም ይህን የያዙትን እጅ ዳግመኛ አይነኩትም። ዝም ብትል ግን ማንም አያውቅም። መርፌው ይወቀሳል፤ መርፌ ደግሞ አፍ የለው።

መሲ ከእንቅልፏ ነቃች። እያዛጋች በሰው መሃል መጥታ እናቷ ጭን ላይ ወጣች። እስከዳር ልጅቱን አየቻት፤ «እጄ ላይ ትሙት» የተባለችው ይህችው ናት።

«እትዬ ዘሪቱ» አለች። «መርፌው አይደለም።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አባ ሰንጋም አይደለም። እንጨት ነው የወጋት። እየባሰባት ሲሄድ አይቼ ዝም አልኩ። ለነርሷም ዋሸኋት።»

የእማሆይ መቋሚያ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ዘሪቱ እጇን ለቀቁና መሲን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«ከቤቴ ውጪልኝ» አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

እስከዳር ግን አልተነሳችም።

«እወጣለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ለመሲ ሲሉ ይስሙኝ፤ ምን ምን እንዳየሁባት ልንገርዎ። በመጀመሪያ፣ በጠራራ ፀሐይ በረዳት…»