እስከ ሰባት ቤት

እየሩስ ድረስን ያገኘችው ደጀን ላይ መንገድ በተዘጋ ቀን ነው። ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከአዲስ አበባ የምርመራ ኬሚካል በበረዶ ሳጥን ይዛ ስትመለስ፣ አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን እንደ ወጣ አስቆሙት። ወደ ማርቆስ ማለፍ አይቻልም ተባለ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም።

ፀሐዩ በረታ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ መቅለጥ ጀመረ። እየሩስ ክዳኑን በትንሹ ከፈት ታደርግና አይታ መልሳ ትዘጋለች። ከጎኗ ባለው ወንበር የተቀመጠ ቀጠን ያለ ወጣት ሲያያት ቆየና፣

«ምን ይዘሽ ነው እንደ አራስ ልጅ የምትገላልጭው?» አላት።

«ካልቀዘቀዘ የሚበላሽ ኬሚካል።»

ተነሥቶ ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ስድስት በረዶ የሆኑ የውኃ ጠርሙሶች በሹራቡ ጠቅልሎ መጣ። የመንገድ ዳር ሱቆችን ፍሪጅ አንድ በአንድ ሲለምን ነበር። ሁለት ቀን እዚያው ሲያድሩ ጠርሙሶቹን እየተመላለሰ ይቀይርላት ነበር። ድረስ ይባላል፤ ማርቆስ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ የቁይ ገበሬ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ እልል ሲል ሁለቱ ግን ተያዩ።

ዓመት ሙሉ ተዋደዱ። ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት እየጻፈ በተማሪዎቹ እናቶች እጅ ይልክላት ነበር። ከሥራ ስትወጣ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ አንዳንዴ እቤቷ እስኪደርሱ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ሰላሳ ዓመት ሲሞላው «ሽማግሌ ልላክ» አላት። እሺ አለች።

እየሩስ እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ከአቶ አገኘሁና ከአባቷ እናት ከእማማ ወለተ ሥላሴ ጋር ነበር። አባቷ የብየዳ ቤት አላቸው። አያቷ ዝምተኛ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን አመመኝ ብለው ይተኛሉ፤ የዚያን ቀን እሳት አያነዱም፣ እንዲነድም አይወዱም። ቤተሰቡ ለምዶት ምክንያቱን የጠየቀ የለም።

ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አነጋጋሪው ከድረስ መንደር የመጡ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጠላ ተቀዳላቸው።

«የልጁ እናት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ልጅቱን ወደዋታል» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን። «እንግዲህ እንደ አገራችን ወግ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር።»

የድረስ ወገን ሰባቱንም ሳይደናቀፍ ተቆጠረ። ተራው የአቶ አገኘሁ ሆነ።

«አባቴ ወርቁ፤ ወርቁ ተሰማ፤ ተሰማ...» ግንባራቸውን ጠረጉ። «አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ከዚህ በላይ አላውቅም። እናቴ ይህንን ነው የነገረችኝ።»

«አገራቸውስ ወዴት ነው?»

አቶ አገኘሁ ወደ እናታቸው ዞሩ። አሮጊቷ ከጥጉ ቀና አሉ።

«አትጨነቅ ልጄ፤ የነገርሁህ ውሸት ነው። አባትህ ወርቁ አይባልም። ያዕቆብ ነው ስሙ። ከጎንደር ወዲያ ማዶ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እኔም ወለተ ሥላሴ የተባልሁት እዚህ ጎጃም፣ ይጁቤ ክርስትና ስነሣ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ያልጋነሽ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን።»

«እናቴ፣ ተይ» አሉ አቶ አገኘሁ።

«አርባ ሰባት ዓመት ተውሁት። የሞተን ሰው በሌላ ሰው ስም ስትቆጥሩት ግን ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ።»

እማማ ነገሩን ሳያለቅሱ ተናገሩ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የእነሱ መንደርም የድርሻውን አገኘ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ሲደርስ ታጣቂዎች «መሬታችንን የነጠቀን ፈላሻ፣ ቡዳ» እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ያዕቆብን ከወናፉ አጠገብ ጎትተው ወሰዱት።

«ገድለው መንገድ ላይ ጥለውታል። ይሄን ልጅ አዝዬ ደረስሁ። አንደኛው መሣሪያውን ደቅኖ፣ ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። ሚስቱ ነኝ ብል ወንድ ልጄን አይምሩልኝም። አላውቀውም አልሁ። እለፊ አለኝ። ተሻግሬው አለፍሁ። በእግሬ ተሻግሬው።» መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። «አልቀበርሁትም። ከዚያ ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ገባሁ።»

አቶ ገብረ ኪዳን «እግዜር ያጽናዎት» አሉ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲወጡ፣ ሦስቱም ብርጭቆ ጠላ እንደ ተቀዳ ነበር።

በማግስቱ ድረስ ከክሊኒኩ በር ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል።

«እናቴ እህል አልቀምስም ብላለች» አላት።

«አንተስ?»

«እኔ አንቺን ብቻ ነው የማውቀው።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመ። «አንድ ነገር አስቤአለሁ፤ አትቆጪኝ። አባትሽን አያትሽ አሳደጓቸው እንጂ አልወለዷቸውም እንበል። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ላይ ያገኙት ልጅ ነው እንበል። አባትሽ አንድ ቃል ቢናገሩ ሽማግሌዎቹ ይቀበላሉ። እኛ እስክንጋባ ብቻ።»

እየሩስ አየችው። ከፍቅር የመጣ ሐሳብ እንደሆነ ገባት። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

እቤት ገብታ ለአያቷ መንገሯን ኋላ ስታስበው ያሳፍራታል። ያን ቀን ግን ልቧ ድረስን ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«እንደዚያው በሉ» አሉ አሮጊቷ ወዲያው። «እኔ አልቀየምም። ስሜን ክጄ፣ ባሌን ክጄ ኖሬ የለ? ልጄም ይካደኝ። አንቺ ብቻ ትዳር ያዢልኝ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው እንቢ አላቸው።

እየሩስ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ለድረስ «አልችልም» አለችው።

«ለምን? እሳቸው ራሳቸው ፈቅደው የለም እንዴ?»

«ስለፈቀዱ ነው የማልችለው።»

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ወደ ብየዳ ቤቱ በር ሊያሠራ የሚመጣ ቀነሰ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። አንዲት ጎረቤት እማማን ከደጅ ስታይ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እማማ ይህን አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ደጅ አልወጡም። በሐምሌ፣ ዝናብ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ አንድ ማለዳ ሳይነቁ ቀሩ።

ዕድሩ ድንኳኑን ላከ፤ ሰዉ ግን አልመጣም። የንስሐ አባታቸው «ልጄ ናት፣ እቀብራለሁ» ብለው ቆሙ። መቃብር የሚቆፍር ሲጠፋ አቶ አገኘሁ ራሳቸው አካፋ አነሡ። ገና ሲጀምሩ ድረስ ከመንገድ ወርዶ መጣ። ሰላምታ ሳይሰጥ አካፋውን ከእጃቸው ተቀበለና ብቻውን ቆፈረ። ጭቃው ጉልበቱ ደረሰ። አቶ አገኘሁ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት።

ከቀብር በኋላ እየሩስና ድረስ ከአጥሩ ሥር ቆሙ።

«አዲስ አበባ እንሂድ» አላት። «እዚያ ማንም ሰባት ቤት አይቆጥረንም።»

«እናትህስ?»

ወደ አዲሱ መቃብር ዞረ።

«ልጅ ስንወልድ ይዘነው ቁይ እንሄዳለን? ታቅፈዋለች?»

እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ። «ጊዜ ይፈታዋል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እየሩስ ጠበቀችው። አንዴ ብቻ ደግሞ «እንሂድ» ቢላት ልብስ እንኳ ሳትለውጥ ትከተለው ነበር። ይህንን እሷ ታውቃለች፤ ፊቷን አይቶ እሱም ሳያውቅ አልቀረም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ድረስ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳማትና ሄደ። እሷም አባቷን ደግፋ ወደ ቤት ገባች።

በጥር ቁይ ላይ የድረስ ሠርግ ሆነ። እናቱ የመረጡለትን ልጅ አገባ። አብራት የምትሠራው ሽታዬ ሠርጉ ላይ ነበረች፤ ሰኞ ጠዋት ጓንቷን እያጠለቀች ዓይኗን ሰበረች።

«ጨፈረ?» አለች እየሩስ።

«አልጨፈረም። ጓደኞቹ ቢጎትቱት እንኳ አልተነሣም።»

እየሩስ የምርመራ ቱቦዎቹን በመደርደሪያው ላይ ደረደረች።

«ቢጨፍር ይሻለኝ ነበር» አለች።