በሁለት ስም የሞተው ሰው

«መርፌውን የወጋሽው አንቺ ነሽ! አቶ ገመቺስን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ!»

«ያዘዙት እርስዎ አይደሉ? ጋሼ ደበሳ ፔኒሲሊን ይስማማቸዋል ወይ ብልዎ ‹ራሳቸው ነግረውኛል› አሉኝ!»

«ውሸታም! ዛሬ እስር ቤት ታድሪያለሽ!»

ኢንስፔክተር ገለኔ፣ መቱ ከተማ ያለችውን ትንሽ ክሊኒክ በር ስትገፋ፣ ባለቤቱ ሐኪም ፈንታሁንና ነርሷ ሲፋን ከሬሳው ግራና ቀኝ ቆመው ይጯጯሁ ነበር። ሽማግሌው ፊታቸው አብጦ፣ አንገታቸው በሽፍታ ቀልቶ አልጋው ላይ ተዘርግተዋል። ከኖፓ ገጠር ያመጣቻቸው የልጃቸው ሚስት ዋሪቱ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከፈንታሁን ቢሮ የጥብስ ሽታ ይመጣል።

ገለኔ የሟቹን ዐይን ከደነች። «ሰው ሞቶ ዝንብ እንኳ የሚያባርርለት ጠፋ?»

«ማሽኑ ፔኒሲሊን አይጎዳቸውም ብሎ ነበር» አለ ፈንታሁን። «በር ላይ ታካሚ ይቀበላል፣ ካርድ ያወጣል፣ እኔንም ያማክረኛል። በኦሮምኛም በአማርኛም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጎሬ ከተማም የለ!»

«እርስዎስ አይተዋቸዋል?»

«እንዴታ! አጠገባቸው ተቀምጬ አነጋግሬያቸዋለሁ።»

ገለኔ ወደ ዋሪቱ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ በር ላይ ስማቸውን የተናገረው ማነው?»

«እኔ። ትኩሳቱ አድክሟቸው ነበር።»

«ማን አልሽ?»

ዋሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ገመቺስ።»

«ስማቸው ነው?»

«የአማቴን ስም እንዴት እጠራለሁ? በእኛ ነውር ነው። ገመቺስ እኔ ያወጣሁላቸው ነው፤ ከእኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራቸው የለም።»

«ፔኒሲሊንስ?»

«ጎሬ አንድ ጊዜ ወግተዋቸው ሊሞቱ ነበር! ማን ጠየቀኝ? ውጭ ጠብቂ ተባልኩ።»

ገለኔ በሩ ላይ ያለውን ስክሪን አንብባ ተመለሰችና ሁሉንም አልጋው ዙሪያ አቆመች።

«ማሽኑ የኖፓውን ገመቺስ ካርድ አወጣ። የካርዱ ገመቺስ ግን ሌላ ሰው ነው። ሲፋን፣ ደበሳ መባላቸውን በምን አወቅሽ?»

«ሙቀታቸውን ስለካ ስምዎ ማነው አልኳቸው።»

«ያነጋገራቸው ሁሉ ደበሳ ይላቸዋል። ገመቺስ የምትላቸው ዋሪቱ ናት፤ ከእሷ የሰማው ደግሞ ማሽኑ ብቻ። ሐኪሙ ግን እኔ በር ላይ ሳለሁ አቶ ገመቺስ እያሉ ይጮኹ ነበር። ስሙን ያገኙት ከስክሪኑ ነው። ሰውየው እስኪሞቱ ድረስ አልጋው አጠገብ አልደረሱም።»

«እና የተሳሳተው ማሽኑ ነዋ!»

«ተሳስቷል። ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ አያውቅም። የተጠራጠረውን ግን አልደበቀም። ‹የካርዱ ባለቤት ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ዛሬ የመጡት ሰባ ናቸው ተብሏል፤ መድኃኒት ከማዘዝዎ በፊት ራሳቸውን ይጠይቁ› ብሎ ጽፎልዎታል። እርስዎ ጥብስዎን እየበሉ መርፌ አዘዙ። ይቺ ልጅ ስትጠይቅዎ ዋሹ። ሲሞቱ ደግሞ በእሷ ላይ ጮኹ።»

ፈንታሁን ከከንፈሩ ላይ ቅባት ጠረገ። «ምሳ ሰዓት ነበር እኮ… ለወደፊቱ የተሻለ ማሽን ይገዛል።»

ገለኔ ወደ በሩ አመለከተች። «ይቅደሙ፣ ጣቢያ እንሄዳለን።»

ፈንታሁን ጠበቃ ካልጠራሁ አልንቀሳቀስም አለ። ስልኩ አልሠራ ሲለው ስለ ኔትወርኩ ማማረር ጀመረ፤ ገለኔም ትከራከረው ጀመር፤ ዋሪቱ ሬሳውን ወደ ኖፓ በምን እንደምትወስድ ጠየቀች፣ የሰማት አልነበረም። ሲፋን ጋዋኗን አውልቃ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና በጓሮ በር ወጣች።