የማቀባበያው ቤት እብቅ

መስኮት በሌለውና በሩ በተቆለፈ ቤት ውስጥ የተገደለን ሰው ደም ላይ፣ የውድማ እብቅ ማን ነሰነሰበት?

መቶ አለቃ እጅጉ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ራሱን ጠየቀ። ከቡሬ በላይ ባለው ኮረብታ የሬዲዮ ማቀባበያ ጣቢያ የሚሠራው ቴክኒሻን ዘሩ በግንባሩ ተደፍቷል። ፋስ የራስ ቅሉን ከፍሎታል፤ ሁለተኛው ምት አንገቱን አግኝቶታል። ከበላዩ የግድግዳው ማራገቢያ የውጭውን አየር እየሳበ፣ የሬዲዮው መሣሪያ እንዳይግል ይነፋበታል።

«ፋሱ የዘበኛው የሙጬ ነው» አለ የጣቢያው ኃላፊ የሽዋስ። «እኔ ከምሳ ጀምሮ ከዘሩ ጋር ነበርኩ። ጀንበር ስትጠልቅ ሲስቅ ትቼው፣ ሽፍታ እንዳይገባ እንደ ልማዳችን ከውጭ ቆልፌበት ወረድኩ። ሌሊቱን ሁለተኛውን ቁልፍ ይዞ እዚህ የነበረው ሙጬ ብቻ ነው።»

«ሙጬ የት አለ?»

«ፍኖተ ሰላም ወስደውታል። ዛሬ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል፤ ይረሸናል።»

የሙጬ ሚስት ሲሳይነሽ በሩ ላይ ቆማለች። «ጌታዬ፣ ባሌ ዶሮ ሲያርድ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል!»

«ፋስ ሲይዝ አልተንቀጠቀጠም» አለ የሽዋስ።

እጅጉ ሬሳውን ገልብጦ ወለሉን ብዙ አየው። ከዚያ ከጣቢያው ሥር ያለውን ውድማ ባለቤት፣ ሽማግሌውን ንብረትን አስጠራ።

«አያ ንብረት፣ ትናንት ስታናፍሱ እብቁ ወዴት ሄደ?»

«ወደዚህ ነዋ! እብቅ በገባበት ቁጥር ዘሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጥረጊያውን እንደያዘ ወጥቶ ‹መሣሪያዬን ልታቃጥሉብኝ ነው!› እያለ ይሰድበን ነበር። ትናንት ግን ድምፁ የለም። ምን በጎ ነገር አገኘው ብለን ሳቅን።»

«መቼ ጀመራችሁ?»

«ከምሳ በኋላ፣ ነፋስ ሲነሣ። ጀንበር ሳትጠልቅ ነፋሱ ቆመ። ሙጬም ከጠዋት ሲያበራይ፣ ኋላም ማናፈሻ ላይዳውን ይዞ እስከ ማታ ከጎኔ ነበር።»

እጅጉ በሩን ዘጋ። የሽዋስ፣ ሲሳይነሽና ንብረት ሬሳውን ከበው ቆሙ።

«ወለሉን እዩት። ዙሪያው እብቅ ለብሷል፤ ዘሩ የተኛበት ግን ንጹሕ ነው። እብቅ በማራገቢያው እንጂ በሌላ አይገባም። እንግዲህ ዘሩ ወለሉን ጠርጎ፣ ነፋስ ሳይነሣ ወድቋል፤ ደሙም እርጥብ ሳለ እብቁ ደርሶበታል። ያኔ ሙጬ ውድማ ላይ ነበር። አንተ ግን እስከ ማታ አብሬው ነበርኩ አልክ። ከማን ጋር ስትስቅ ዋልክ፣ ጓድ የሽዋስ?»

«ሽፍታ ቢሆንስ?»

«ሽፍታ መሣሪያውን ይሰባብር ነበር። ገዳዩ ማራገቢያውን እንኳ አላጠፋም፤ ቢያጠፋው መሣሪያው ግሎ ይቆማል፣ ከቡሬም ሰው ይመጣበታል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ናቸው። አንዱ እነሆ ተጋድሟል።»

የሽዋስ ወደ በሩ ተወረወረ። የአያ ንብረት ዱላ ጉልበቱን ሰበረው። ሲሳይነሽ ላዩ ላይ ወድቃ ጉሮሮውን አነቀችው፤ አፉን ደም ሞላው።

«የጄኔሬተሩን ናፍጣ ስሸጥ አየኝ!» አለ እያጓራ። «ማራገቢያው በናፍጣ እጦት ሊቆም ነው፣ እከስሃለሁ አለኝ!»

እጅጉ የሬዲዮውን መነጋገሪያ ነጥቆ አነሣ።

«ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም! ሙጬ ንጹሕ ነው። ገዳዩ ተይዟል። እንዳትተኩሱ። መልሱ!»

ሲሳይነሽ የሽዋስን ለቃ ተጠጋች። ደም በነካው መዳፏ መሣሪያውን ዳሰሰችው። አልጋለም፤ መብራቱ በርቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል።

«መልሱ» አለ እጅጉ ደግሞ።

ከፍኖተ ሰላም ማንም አልመለሰም።