አማርኛ የረሳው ኪቦርድ

«ኪቦርዱ አማርኛ የረሳው ምላጭ ከነካችው ወዲህ ነው!»

አዋጅ ይህን ጠዋት ሰልፍ ላይ አለው። ክፍል ውስጥ ደገመው። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ለማያውቃቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀር ቆሞ አስረዳ። ቅጽል ስሙን በከንቱ አላገኘውም፤ እሱ ጆሮ የገባ ወሬ ሳይታወጅ አያድርም።

ምላጭም የተባለችው በከንቱ አይደለም። በአጠገቡ ስታልፍ፣ «ኪቦርዱስ ረሳ፤ አንተ መቼ ነው የምትማረው?» አለችው።

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ከአንገት በላይ። የመጽሔት ክበቡ መምህር ትናንት ሰኞ ሁሉም ፊት ቁርጡን ነግረዋታል፤ ኪቦርዱን ማበላሸቷን አምና ይቅርታ ካልጠየቀች ኮምፒውተር ክፍል እግሯን አታስገባም፣ ለዘንድሮው መጽሔት የጻፈችው ታሪክም አይወጣም። ክረምቱን ሙሉ እየጻፈች፣ እየቀደደች፣ እንደገና እየጻፈች የደከመችበት ታሪክ ነው።

ክበቡ ያለው አንድ ገመድ አልባ ኪቦርድ ብቻ ነው። አማርኛ ለመጻፍ አልትና ሺፍት የሚባሉትን ቁልፎች አብሮ መጫን ይበቃ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ቢጫኑት ቢጫኑት የፈረንጅ ፊደል እንጂ ሌላ አልወጣ አለ። ያን ሰዓት ወንበሩ ላይ የነበረችው ደግሞ እሷ ናት። ከመባረሯ በፊት አንድ ነገር ልብ ብላለች፤ አልትን ብቻዋን ስትነካት ከስክሪኑ ግርጌ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ብቅ አለ። ያ የአልት ሥራ አይደለም። አጠገቧ ያለችው ቁልፍ ሥራ ነው።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ወደ እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠች። በእናቷ ስልክ የኪቦርዱን መመሪያ አወጣች። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ቃል በቃል እየተረጎመች፣ አንዱን መስመር ሦስቴ እየተመላለሰችበት አነበበች። ኪቦርዱ ከማን ጋር እንደተገናኘ ራሱ ይለያል። ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን ቁልፎቹን ለኮምፒውተር እንዲመቹ፣ ከታብሌት ጋር ሲሆን ለታብሌት እንዲመቹ ያደርጋል፤ የአልትንና የጎረቤቷንም ሥራ ያለዋውጣል። ሰው በእጁ «የታብሌት ሁን» ብሎ ካዘዘው ግን የራሱን ግምት ይተዋል። ሁለት ቁልፎችን አብሮ ተጭኖ በመቆየት ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጠው ድረስ እዚያው ነው።

«አልተበላሸም!» ብላ ጮኸች። «ታብሌት ላይ ያለ መስሎት ነው!»

«ማነው እሱ?» አለች እናቷ፣ ከምትሰፋው ጉርድ ቀና ሳትል።

ምላጭ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ ይቅርታ ብለሽ ብትገላገይስ? ይቅርታ ጨርቅ አይደል፣ በሜትር አይሸጥ» አለች።

«እማዬ፣ አንቺ ያልሰፋሽውን ቀሚስ ‹አንቺ ነሽ ያጠበብሽው› ብለው ቢያመጡልሽ ታሰፊላቸዋለሽ?»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ዓይናቸውን ነበር የማሰፋላቸው» አለች።

በማግስቱ ምላጭ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አልገባችም። ተከልክላለቻ! በመስኮቱ በኩል ዞረችና ክንዶቿን ደፉ ላይ አስደግፋ ቆመች። አዋጅ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ ቁልፎቹን በአንድ ጣት ይደበድባል።

«አዋጅ! ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ያዝ።»

አዋጅ መምህሩን አየ። መምህሩ ደብተር እያረሙ ነው። ያዘ።

«ሳትለቅ ደብሊውን ጨምርበት። ቆይበት… አትልቀቅ እንጂ፣ አይነክስህም!»

የኪቦርዱ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

«በል አሁን፣ አልትና ሺፍት።»

አዋጅ ሁለቱን ተጫነና ትንፋሹን ውጦ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» የሚል ቃል፣ ጥርት ብሎ፣ በአማርኛ ወጣ። «እሰይ!» ብሎ ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዷ ልጅማ ጠረጴዛ መታች።

መምህሩ ተነሱ። ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አያችሁ?» አሉ። «ማርከሻውን የምታውቀው መርዙን ያጠጣችው ናት። ያላበላሸ ሰው መጠገኛውን ከየት ያውቃል?»

ምላጭ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«አንብቤ ነዋ!» አለች። «ማንበብ ወንጀል ሆነ እንዴ ቲቸር?»

«ነገር አታብዢ። በሩ ክፍት ነው። ግቢና ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቂ፤ ታሪክሽም ይወጣልሻል።»

በሩ እውነትም ክፍት ነበር። የእጅ ጽሑፏ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተቀምጧል። አንድ ቃል ነው፤ ተናግሮ መቀመጥ። ጓደኞቿ በዓይናቸው «በይው፣ በይውና ይለፍ» ይሏታል። አፏን ከፈተች።

«ቲቸር፣ ታሪኬን ያቀብሉኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ለሚያነበው ልሰጠው።»

መምህሩ ትከሻቸውን ነቀነቁና ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። አዋጅ አንስቶ በመስኮቱ አቀበላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁሉም ቆሞ ተራ የሚጠብቅበት አንድ ቦታ አለ፤ የውሃ ቧንቧው። ምላጭ ከቧንቧው ጎን ያለውን ግድግዳ በእጅጌዋ ጠረገችና ገጾቹን በፕላስተር በተርታ ለጠፈች። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፣ ጎላ አድርጋ። ፈቃድ አልጠየቀችም። ነገ ቢገነጥሉት ነገ እንደገና ትጽፈዋለች፤ እጅ እንደሆነ አላት።

ደወሉ ሲደወል ሰልፈኞቹ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ልጆች ቆመው አነበቡ። ከዚያ ኋላ ያሉት «ጮክ በሉ፣ አይሰማም!» አሉ። አንድ ረጅም ልጅ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃው ይፈሳል፣ የሚጠጣ ግን የለም።

አዋጅ ሰዉን እየገፋ አጠገቧ ደረሰ።

«ምላጭ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ቶሎ በል፣ ሰው እያነበበ ነው።»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቲቸር ናቸው። ዓርብ ለት ኪቦርዱን ከታብሌታቸው ጋር ሲያገናኙት፣ ቁልፎቹን ይዘው ‹የታብሌት ሁን› ብለው ሲያዙት… አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»