የተዘለሉት ዜሮዎች

ደምለው አሁንም ዜሮዋን ዘለላት።

ይርጋነሽ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃለች። ደምለው ከፊት ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ይጫወታል። ሁለት ድምፅ፣ ዝም። ሦስት ድምፅ፣ ዝም። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው አይሳሳቱም። የተሳሳተው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ በቢቸና ተማሪዎች መካከል ከይርጋነሽ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጊታሩ የሚስተር ፖል ነው። ሚስተር ፖል የሰላም ጓድ ሆኖ መጥቶ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማራቸው፤ አሁን ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ጊታሩን ለማን ልተወው ብሎ ሲያስብ፣ ከትምህርት በኋላ ከደጁ የማይጠፉት ሁለቱ ልጆች ታወሱት። አንዲት አጭር የጥንት የስፔን ዜማ በእጁ በሁለት ወረቀት ገልብጦ ሰጣቸው። ወረቀቱ ላይ ስድስት መስመር ተሰምሯል፤ ስድስቱ መስመር ስድስቱ ክር ነው። በመስመሮቹ ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል።

«ቁጥሩ ክሩን የት ላይ እንደምትጫኑት ይነግራችኋል» አላቸው። «ሌላውን ራሳችሁ ድረሱበት። የትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን አሳምሮ የተጫወተ ይወስደዋል።» ከዚያ በኋላ ለአንዳቸው እንዳያዳላ ብሎ፣ የክፍሉን ቁልፍ እየሰጣቸው እሱ ኳስ ሊጫወት ይሄዳል።

ዜሮውን የፈታው ደምለው ነበር። የመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ነው፤ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ሦስት ዓመት ዜማ ቤት ተቀምጧል።

«በግዕዝ ቁጥር እኮ ዜሮ የለም» አላት ያኔ። «ዜሮ ማለት ምንም ነው። የምትጫኚው ከሌለ የምትመቺውም የለም። እንደ ቁርጥ ምልክት ነው፤ ዜማው ላይ ቁርጥ ስታዪ ድምፅሽን ታቆሚ የለም እንዴ?»

ይርጋነሽ ምን ብላ ትከራከረው? ምልክት እያየ የሚያዜም ልጅ ከእሷ ይልቅ ያውቃል። ጊታሩ አንድ ስለሆነ ቀን በቀን እየተፈራረቁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዜሮውን ሁሉ እየዘለሉ ተለማመዱ። ዜማዋ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቁርጥ ቁርጥ ትላለች፤ እነሱ ግን የስፔን ዜማ እንዲህ ነው ብለው ተቀብለውት ነበር።

ባለፈው እሁድ ይርጋነሽ ከአባቷ ጋር ሞጣ ሄደች። ያረፉት የአባቷ ወዳጅ ከሆኑት ከነጋዴው ከአቶ ይማም ቤት ነው። ወረቀቱን እጇ ላይ ያየችው ልጃቸው ሳብሪያ «እኛ ግቢ የተከራየችው ፈረንጅ አስተማሪም ጊታር አላት፤ ነይ!» ብላ ጎትታ ወሰደቻት። ይርጋነሽ ተጫወተች። አስተማሪዋ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ የመጀመሪያዋን ዜሮ በጣቷ አሳየቻትና ክሩን ሳትጫነው መታችው።

«ዜሮ፣ አትጫኚ» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ግን ምቺ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አስተማሪዋ ከመጀመሪያው ስትጫወተው ክፍተቱ ሁሉ ሞላ። የይርጋነሽ ደስታ እንባ ሆኖ መጣ፤ ሳብሪያ «አበድሽ እንዴ!» ብላ ሳቀችባት።

በዚያው ዕለት ማታ በጭነት መኪና ስትመለስ ለደምለው እንዴት እንደምትነግረው ነበር የምታስበው። ቢቸና ስትደርስ ግን ሐሳቧ ተለወጠ። የደምለው ጣቶች ከእሷ ይፈጥናሉ፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ከነገረችው ጊታሩ የእሱ ነው። በመስከረም ደግሞ ለዘጠነኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ጊታሩም አብሮት ይሄዳል። ቢቸና ውስጥ ሌላ ጊታር የለም። ይርጋነሽ ደግሞ ከዚያ ጊታር አብልጣ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ደምለው «ሞጣ እንዴት ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲላት «ምንም» አለችው። እናቷ «ዝም አይነቅዝም» ትል የለ? በራሷ ተራ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ «ብቻዬን ልለማመድ» ብላ በሩን ዘጋች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። መዝጊያው ቅዳሜ።

ደምለው ጨርሶ ዞረ። «እንዴት ነው? አንድም አልሳትኩም አይደል?»

«አልሳትክም።»

«አባባም ይመጣሉ፣ ታውቂያለሽ? መሪጌታ ለፈረንጅ ክራር! ዜሮው እንደ ቁርጥ ነው ብዬ ባስረዳቸው ሳቁ። ለካ ፈረንጅም ያውቅበታል ብለው እሺ አሉኝ።»

ቅዳሜ እሱ እንዲህ እየዘለለ ይጫወታል፤ ቀጥላ እሷ ሙሉውን ትጫወታለች፤ መሪጌታም ሁለቱንም ይሰማሉ። ይህን እስካሁን አስባው አታውቅም።

«ደምለው» አለች። «ዜሮው ዝም ማለት አይደለም።»

«ማን አለ?»

«ሞጣ ያለች አስተማሪ። አትጫነው እንጂ ምታው ማለት ነው።»

ደምለው ሊስቅ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አየ፤ ክሩን ሳይጫን መታው፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ድምፆች ጋር አያይዞ ደገመው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ሞጣ የሄድሽው እሁድ ነው።»

«አዎ።»

«ማክሰኞ ጠይቄሻለሁ።»

«አዎ።»

«ምንም አልሽኝ እኮ!»

«ዋሸሁህ» አለች። «ጊታሩን ስለፈለግሁት ነው። ይቅርታ።»

ደምለው ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬቱን ያያል። ውጭ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይጯጯኻሉ።

«ነገ ተራው የእኔ ነው» አለች ይርጋነሽ።

«አውቃለሁ።»

«ነገም አንተ ያዘው። እኔ ሁለት ቀን ተለማምጃለሁ።»

ደምለው ቀና ብሎ አያት። ጊታሩን አስተካክሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዜሮ መዝለል የለመዱት ጣቶቹ ተደነቃቀፉ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ነገ ማታ ላይ ግን እንደማይደነቃቀፍ ይርጋነሽ በደንብ ታውቃለች። ደብተሯን አንስታ እስከ በሩ ሄደች፤ እዚያ ትንሽ ቆማ አዳመጠችና ተመልሳ መጣች። አጠገቡ ጎንበስ ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«እዚህች ላይ ቀስ በል» አለችው። «ሁለት ዜሮ ተከታትለው ይመጣሉ።»