የመርፌ ሽልማት

ፖስታው በግራ እጁ ነው። ከእጁ ወጥቶ የሚጠብቃት ሴት እጅ ሲገባ፣ ሊይዟት ከኋላው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ይነሳሉ። ምልክቱ ይኸው ነው።

ፖስታውን ይዞ አዳራሹ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠውን ሰው ሁሉም «ጸሐፊው» ይሉታል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ በነጻ የሚጽፉና የሚጠግኑ ሰዎች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ፣ የአባላቱን ሥራ እየለቀመ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የምስጋና ወረቀት አዘጋጅቷል። አለቆቹ ግን የስለላ ቢሮ ሰዎች ናቸው።

ቢሮው የሚፈልገው «መርፌ»ን ነው። ፊቷን ያየ የለም። ቢሮው ሰው የሚያዳምጥበትን ቀዳዳ ኮዱ ውስጥ በሸሸገ ቁጥር አግኝታ ትደፍነዋለች፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት በዚሁ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትደፍን ያመሰገናት የለም። አሁን ነይና ተሸለሚ ቢሏት ደግሞ ንቅንቅ አላለችም።

መላውን የዘየደው ጸሐፊው ነው። የሽልማቱ ወረቀት ላይ ያልሠራችውን ሥራ በስሟ ጻፈ። ይታረምልኝ ብላ ስትጽፍለት፣ ለማረም በአካል ይቅረቡ ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ለምስጋና ብሎ አይመጣም። የሰው ድካም በስሙ ሲጠራ ግን እንቅልፍ ያጣል።

መጣች።

ሃምሳውን ያለፈች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ልጄ፣ ጸሐፊው አንተ ነህ? ያቺን ነገር አርምልኝ።»

ጆሮው ውስጥ ማዳመጫው ሹክ አለ። «አጎትህ ነኝ። ስጣት።» አለቃው በስልክ ሲያወራ ሁሌም ራሱን አጎት ያስመስላል።

አንድ ጥያቄ ጠይቀን እንለቃታለን ብሎ ምሎለት ነበር። ጸሐፊው በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ጓሮ በር ላይ ታርጋ የሌለው መኪና ቆሟል። የመኪናው መስኮቶች ላይ ቆርቆሮ ተመትቶባቸዋል።

ለአንድ ጥያቄ ቆርቆሮ ምን ያደርጋል?

አለቃው ሸውዶታል። ፖስታውን ጠረጴዛው ሥር ደበቀው።

«እናቴ፣ በመጡበት በር ይውጡ» አላት በቀስታ። «አሁኑኑ።»

«ሳይታረምማ አልወጣም! ሥራው የወንድሜ ነው። በሕይወት ሳለ አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥህ አላለውም። ሞቶ ደግሞ በእሱ ድካም ለእኔ ይጨብጨብ?»

«አርመዋለሁ። በሞቴ ይሂዱ!»

«እዚሁ ፊቴ ነው የምትሰርዘው። የታል ወረቀቱ?»

ጎንበስ አለች። አየችው። ፖስታውን ከእጁ መንጭቃ ወረቀቱን አወጣችና በእስክሪብቶዋ መሰረዝ ጀመረች።

ሁለቱ ሰዎች ተነሱ።

አልጮኸችም። ውስጥ ለሌላ ተሸላሚ እየተጨበጨበ ስለነበር ያየም የለም። ብብቷን ይዘው ሲወስዷት ወደ ጸሐፊው ዞረች።

«የወንድሜ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አቀረቀረ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ጎበዝ፣ የእህቴ ልጅ» አለ ማዳመጫው።

ወረቀቱ ወለሉ ላይ ቀርቷል። የሰረዘችው ግማሹን ብቻ ነበር። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ መዝገቡ ላይ ያንን ሥራ ከመርፌ ስም አውጥቶ በወንድሟ ስም አሰፈረ። ከዚያ የራሱን የሐሰት ስም ከአባላቱ ዝርዝር ፋቀና ወጣ።

ከሳምንት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም አውቶቡስ ሲጠብቅ የማኅበሩን ማስታወቂያ ስልኩ ላይ አነበበ። መርፌ ሽልማቷን ጥላ ስለሄደች፣ የዘንድሮው ሽልማት በታማኝነት ላገለገለው ለጸሐፊው ተሰጥቷል ይላል።

አይገባኝም፣ ይታረምልኝ ብሎ እንዳይጽፍ፣ የሚጽፍበትን ስም ራሱ ፍቆታል። አውቶቡሱ መጣ። ከሰዉ ጋር ተጋፍቶ ገባ።